ፊቱ ወደ መንገድ የዞረ መጋረጃ

በስፌት ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከባለቤቱ ጀምሮ ሁላችንም «ሳሎን» ነበር የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላገኝላትም። እሷም አልጠላችውም። «ሳሎን!» ሲሏት ቀና ብላ «አቤት!» ስትል፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ነው ያሰኛል።

ሥራችን መጋረጃ ነው። እኔ ከጎኗ ባለው መኪና ላይ ነው የምሰፋው፤ በሁለታችን መኪና መካከል ሰው ጎኑን ካላዞረ በቀር አያልፍም። ስለዚህ የእሷ ወሬ፣ ወደድኩም ጠላሁም፣ የእኔም ወሬ ነበር። ወሬዋ ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ሳሎን ነው። ሰው ቤት ሄዳ መስኮት ለክታ ወይም መጋረጃ ሰቅላ በተመለሰች ቁጥር፣ ባልየው ምን እንደሚሠራ፣ ሚስትየዋ ደግ ትሁን ክፉ አትነግረንም። የወንበሮቹ እግር እንዴት እንደተጠረበ፣ ምንጣፉ እግርን እንዴት እንደሚውጥ፣ ግድግዳው ላይ ያለው መስታወት ሰውን እንዴት ሸንቀጥ አድርጎ እንደሚያሳይ ነው የምትነግረን። አንድ ቀን፣ «እናንተ፣ ሰዎቹ እኮ ለስልካቸው ሳይቀር ዳንቴል አልብሰውለታል!» ብላ ገባች።

«እኔ ለራሴ የምለብሰው አጥቻለሁ፣ አንቺ የስልክ ልብስ ታወሪልኛለሽ» አልኳት።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝና ክሯን በጥርሷ በጠሰችው።

እውነቷን ነው፤ እኔ ስለዚያ ነገር ምንም አላውቅም። ሰው ቤት ስገባ የማየው መስኮቱን ነው፤ ለክቼ እወጣለሁ። እሷ ግን የምትወጣው ልቧን እዚያው ጥላ ነው። በማግስቱ ከጨርቋ ጋር ተቀምጣ እግሯ የመኪናው መርገጫ ላይ ፈዝዞ ይቀራል። ያን ጊዜ እንዳላየ ሆኜ እተዋታለሁ። የሰው ቤት ናፍቆት ምን ዓይነት ናፍቆት እንደሆነ ባይገባኝም፣ ናፍቆት መሆኑን ግን ከፊቷ አየው ነበር።

የራሷ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ። የውስጠኛው መኝታ ነው፣ መስኮት የለውም። የፊተኛው ሌላው ሁሉ ነው፤ ይበስልበታል፣ ይበላበታል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። አንድ መስኮት አለችው፣ መንገዱን ፊት ለፊት የምታይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባባት። ልጅ አልወለዱም። ያቺ መስኮት ለባሏ እንደ ልጅ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ሲቀልድ የማይስቅ ሰው። እሷን «እመቤት» እያለ ነበር የሚጠራት፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ። ስለ ሰው ሳሎን ስታወራለት አድምጦ አድምጦ ይጨርስና፣ «የእኔ ሳሎን ይሻላል። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ በየቀኑ ይቀየራል» ይላታል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ያወልቅና ሻዩን ይዞ እዚያች መስኮት ሥር ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲያይ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶ ደግሞ መንገድ ያያል።

ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ አለ። የዚያን ጊዜ ምልክቱ ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ ጎማ ነበር፤ በሰንሰለት ታስሮ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ ያንን ጎማ ይወደው ነበር። «ከማዞሪያው ስታጠፊ መጀመሪያ የሚታይሽ እሱ ነው። እሱን ካየሁ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው» ይላል። እኔ ራሴ ቤታቸውን ለሰው ሳመለክት፣ «ከነጩ ጎማ ፊት ለፊት» ነበር የምለው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ቤት የከፋይ መጋረጃ ታዘዝን። እንዲህ ያለ ጨርቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በእጃችን አልገባም። የጠቆረ ወይን ጠጅ፣ እጅ ሲያልፍበት ጠጉሩ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠቁራል። የከፋይ ፈተናው እሱ ነው፤ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን የተኛ ስለሆነ ሁሉም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ መቆረጥ አለበት። አንዱን ገልብጠሽ ከሰፋሽው ከሌላው ቀለም የተለየ ይመስላል፤ ሥራሽ ሁሉ ይበላሻል። ባለቤቱ ያንን ሥራ ለሳሎን ሰጣት። እኔ አልቀናሁም፤ እጇ ከእጄ ይበልጥ እንደነበር አውቃለሁ።

ልትሰቅለው የሄደች ቀን ከምሳ በኋላ ተመለሰች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። የቤቱ ወይዘሮ መጋረጃው ተሰቅሎ ሲያዩ እጃቸውን አጨብጭበው፣ «አንቺ ልጅ! የሰው ቤት እንዲህ ያደረግሽ፣ የራስሽ ቤትማ እንዴት ይሆን? አንድ ቀን መጥቼ ማየት አለብኝ» አሏት። በቃ፣ ይኸው ነው የተባለው። ሰው ደስ ሲለው የሚለው ነገር ነው፤ ከአፍ ወጥቶ እዚያው የሚቀር። ሳሎን ግን ተቀብላ ወደ ልቧ አስገባችው።

«አድራሻሽን ጠየቁሽ?» አልኳት።

«ስልኬን ባለቤቱ ይሰጣቸዋል።»

«ጠየቁሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማድረቅ ስትወጂ!» አለች፤ እኔም ተውኩት።

በስፌት ቤታችን ቁርጥራጭ የሰፊው ነው። ጥሩ ቆራጭ የሆነች ሴት ብዙ ቁርጥራጭ ታተርፋለች፤ ይህ የታወቀ ነው፣ ባለቤቱም አይከፋም። ሳሎን ያንን ከፋይ እንዴት አድርጋ እንደቆረጠችው ፈጣሪ ይወቅላት፤ ለራሷ መስኮት የሚበቃ ተረፋት። ለጥቂት ግን አጠራት። በስተቀኝ በኩል አንድ ቀጭን ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ገልብጣ ቀጠለችበት፤ ጠጉሩ ወደ ላይ የሚሄድ። በሌላ አቅጣጫ አይደርስላትም ነበር። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አየሁ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ፤ ሰው የገደለች ይመስል።

ገበሩን ከአቡጀዲ ሠራችው። መጋረጃ፣ የሙያው ደንብ እንደሚለው፣ ፊቱ ወደ ቤት ነው፤ ገበሩ ፀሐዩንም አቧራውንም እየተቀበለ ወደ መስታወቱ ይዞራል። ይህን ሕፃን ተለማማጅ እንኳ ያውቀዋል። ሳሎን ግን ገልብጣ ሰቀለችው። ከፋዩ ወደ መንገድ፣ አቡጀዲው ወደ ቤት።

ሳየው ክው አልኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ? ፀሐይ ይበላዋል። እናንተስ ምን ልታዩ ነው?»

«እኛማ ቤታችንን እናውቀዋለን» አለች። «የማያውቀው መንገደኛው ነው።»

ከዚያም ዘጋችው። ከፋይ ሲሰበሰብ ይጨማደዳል፣ እጅ ሲበዛበት ጠጉሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ መጋረጃው አይነካም። ወይዘሮዋ በመኪናቸው ብቅ ሲሉ ከሩቁ ሊያዩት ይገባል፤ ሙሉ ሆኖ፣ እጥፋቱ እንደተቆጠረ። ሾፌሩ የመጀመሪያ ቀን ሻዩን ይዞ በቦታው ተቀመጠና አቡጀዲውን ሲያይ ቆየ። «እመቤት፣ ትንሽ ገለጥ አድርጊልኝ» አላት።

«አሁን አይሆንም። ነገ።»

ያ «ነገ» ስንት ጊዜ እንደተባለ እንጃ። እሱ አይጣላም፣ እሷም አትከለክልም፤ ብቻ ነገ ነው። መንገደኛው ግን እውነትም ቆም ብሎ ያይ ነበር፤ እሱን አልክድም። ሰፈሩ ውስጥ ሳሎን የሚል ስም የማያውቁ ሰዎች «ባለ ከፋይዋ» ይሏት ጀመር። ከሥራ ስትመለስ ከማዞሪያው ጀምራ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ መስኮቷን እያየች ነበር የምትሄደው። ያንን አረማመዷን ሳይ ልቤ ይራራል፤ ደግሞ እናደዳለሁ። ቤቷ ገብታ መብራት አብርታ ስትቀመጥ ምን ይሰማት እንደነበር አልነገረችኝም።

አንድ ጊዜ እሷ ቤት ሄጄ ልብስ ስናጣጥፍ፣ አንድ ትልቅ መኪና ከደጅ ቀስ ሲል ሰማን። ሳሎን ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሣች። ሽርጧን ከወንበሩ ሥር ወረወረች፣ ነጠላ ጫማዋን በባለ ተረከዝ ለወጠች፣ ሁለት ብርጭቆ አወረደች፣ አንዱ ጫፉ ስለተሸረፈ መለሰችው። በሩን ስትከፍት መኪናው ጎማውን ሊያስነፋ ወደ ጎሚስታው ያጠፋ ነበር። በሩ ላይ በባለ ተረከዙ ጫማ እንደቆመች ቀረች። ሾፌሩ ከወንበሩ፣ «ግዴለም እመቤት፣ ለእኔም ቢሆን ያምርብሻል» አላት። እኔን አንጀቴን በላችው፤ እሷ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ሾፌሩ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ ስትሮክ መታው። ደግነቱ አውቶቡሱን አቁሞ፣ ሰው አውርዶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። በዚያው ሰሞን ጎሚስታው ዘመናዊ ልሁን አለና ጎማውን አውርዶ በቦታው መብራት ያለበት ሰሌዳ ሰቀለ። ሳሎን ከሆስፒታል ሥራ፣ ከሥራ ሆስፒታል ስትሮጥ ይህን ለባሏ የምትነግርበት ጊዜም ሐሳብም አልነበራትም። ማን ለታመመ ሰው ስለ ጎማ ያወራል?

በምሽት፣ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። ከመኝታ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ጓሮ፣ በእሷ ትከሻ ተደግፎ፤ ሌላ መሄጃ አልነበረውም። ወንበሩም እዚያው ድሮ የነበረበት ነው፤ መስኮቱ ሥር፣ አቡጀዲው ፊት ለፊት። ዕድሜውን በሙሉ በመስታወት ውስጥ ዓለምን ሲያይ የኖረ ሰው የመጋረጃ ጀርባ ያይ ጀመር።

እሱ ግን መንገዱን አልተወም፤ በጆሮው ያዘው። ልጠይቀው ስሄድ ይቀልድብኛል። «ቆይ፣ ዝም በይ» ይልና ጣቱን ያነሣል። «ዳቦ አዳዩ፤ የኋላ ጎማው አየር ይፈልጋል። ይቺ አስተማሪዋ ናት፤ አዲስ ጫማ ገዝታለች። ጎሚስታው መዶሻውን ጥሎ ሊሳደብ ነው… ይኸው!» ከውጭ የጎሚስታው ስድብ ይሰማል። እስቃለሁ። ከዚያ ጣቱን ያወርድና፣ «የዚህ ሁሉ ፊቱ ናፈቀኝ» ይላል። ይህን ሲል አይቀልድም።

«ጋሼ፣ ለምን አይገልጡትም? እኔ ልግለጥልዎት?» እለዋለሁ።

«ተይ፣ የእሷ ነው። እንግዳ ትጠብቅበታለች።»

አንዳንዴ ደግሞ፣ «እመቤት፣ ይሄ መጋረጃሽ በየቀኑ እየወፈረ ነው» ይላታል። እሷ ለነገር ነው ብላ ትቆጣለች። አምፖሉ ደከመ ይላል፤ ትለውጣለች። አዲሱም የማይረባ ነው ይላል፤ ሁለተኛ ትለውጣለች። የሻዩን ብርጭቆ ስታቀብለው እጇን ስቶ ልብሱ ላይ ይደፋዋል፤ «በዚህ ጨለማ ምን ልያዝ?» ይላል። እኛም እውነት ነው፣ ጨለማ ነው እንላለን። ምክንያቱ ፊታችን ተሰቅሎ እያለ ማን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል?

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ስፌት ቤቱ ባዶ ሲሆን ሳላስበው ጠየቅኋት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ሴትዮዋ የሚመጡ ይመስልሻል?»

«ባይመጡም» አለች። «አንድ ቀን ይመጣሉ ብዬ ሳስብ ቤቴ ሌላ ቤት ይመስለኛል። እሱን ካወረድኩት ሁለት ክፍል ብቻ ነው የሚቀረኝ። ይገባሻል?»

የዚያን ጊዜ ገባኝ። የምሳ ሳህኔን ከደንኩ።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ ትልቅ ቤት ስልክ የተደወለው እኔና ሳሎን ሁለታችንም የዓይን መነጽር ካደረግን በኋላ ነው። አዲስ መጋረጃ ይፈልጋሉ፤ መስኮት የሚለካ ሰው ይላክ ተባለ። ባለቤቱ ገና ሳይጨርስ ሳሎን ሜትሯን ይዛ ቆማ ነበር። እኔም ተከተልኳት፤ መስኮቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ ደጋግማ ፀጉሯን ትነካካለች። «ምን እንደምላቸው አውቃለሁ» አለችኝ። «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ዛሬ ቢመቸዎት እላቸዋለሁ።» የእሷ ደስታ እኔን አስፈራኝ።

ሳሎኑ ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነው። ከዳር እስከ ዳር ያሉት መስኮቶች ባዶ ናቸው። ዘንግ የለም፣ ቀለበት የለም፣ ምንም የለም፤ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። ወይዘሮዋ አርጅተው ያምራሉ። አንድ ወንበር ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠው ነበር።

«ስስ ነገር ነው የምፈልገው» አሉን። «ብርሃን የማይከለክል። ለወጉ ያህል ብቻ።»

ሳሎን መሐል ወለል ላይ ቆመች። «የቀድሞውስ?» አለች። «የከፋዩ መጋረጃ…»

«ውይ፣ እሱን ደግሞ ማን ነገረሽ?» ብለው ሳቁ። «እሱማ ተሰቅሎ ዓመት እንኳ አልቆየም። ቤቱን መቃብር አደረገብን! ባለቤቴ ቶሎ አውርዱልኝ አለ። መስኮት ያለው ሰው ምን ቆርጦት በከፋይ ይሸፍነዋል?» ከዚያም ሳሎንን አየት አድርገው፣ «ከዚህ በፊት እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አሏት።

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ሳሎን ቀደመችኝ። «አይ፣ ሲወራ ሰምቼ ነው» አለች።

ለካን። እኔ ስጠራ እሷ ጻፈች። ወጥተን በጋራዡ በኩል ስናልፍ ወለሉ ላይ፣ መኪናው ሥር፣ አንድ ጨርቅ ተነጥፏል። የሞተር ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በፊቱ ተደፍቶ ስለነበር እኔ ያወቅሁት በገበሩ ስፌት ነው፤ የእሷን እጅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። እሷም አየችው። አልቆመችም።

«ሳሎን» አልኳት ከኋላዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አቤት» አላለችኝም። መጀመሪያ ፈጠን አለች፣ ከዚያ ትሮጥ ጀመር። በዚያ ዕድሜዋ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሰው እየገፈተረች። እኔ ትንፋሼ ተቆርጦ ቤቷ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ ዘንጉን ትታገላለች። ቀለበቶቹ ዝገው እሺ አላሉም። በሁለት እጇ ይዛ ቁልቁል ሳበችው፤ ዘንጉም መጋረጃውም አንድ ላይ ወረዱ።

የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ ገባ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን በእጄ ጋረድኩ። ሳሎንም ጋረደች። ሾፌሩ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ጨለማ በኋላ ፀሐይ ፊቱ ላይ በቀጥታ አርፎበት፣ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አለ።

«አወረድኩት!» አለች፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። «አውርጄ ጣልኩት። አታይም እንዴ?»

ደህና የሆነውን እጁን ቀስ ብሎ ዘረጋና መዳፉን ወደ ፀሐዩ አዞረው፤ ሙቀቱን እስኪያገኘው ድረስ ወዲያና ወዲህ አለ። ፀሐዩን በእጁ የሚፈልገው ዓይኑ ስላላገኘው እንደሆነ ገባኝ። እሱም ያን ጊዜ ነው ያወቀው ብዬ አምናለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መጋረጃው ነው ብሎ ኖሯል፤ እሷም፣ እኔም።

«እንግዳዋ መጡ?» አላት።

«አይመጡም። አይመጡም፣ እንግዳም የለም። መንገዱ ይታይሃል? ንገረኝ እስኪ፣ ይታይሃል?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትንሽ አሳስቶ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጎ። «እንዴታ!» አለ። «ወለል ብሎ ነው የሚታየኝ። ይኸው አስተማሪዋ መጣች። ጎሚስታው ጎንበስ ብሏል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ነጩ ጎማ ደግሞ እንደተሰቀለ ነው። ቀለሙ ለቅቋል እንጂ እሱም አልሄደም።»

ሳሎን ወደ ማዶ አየች። እዚያ ያለው ሰሌዳው ነው፤ በጠራራ ፀሐይ መብራቱን አብርቶ። ወደ እኔ ዞረች። ያን ፊቷን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፤ እንባዋን ጠረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አዎ» አለችው። «ለቅቋል። እንዲቀባው እንነግረዋለን።»

«ንገሪው» አላት።

ከዚያ ምን እንደምታደርግ ጠፋት መሰለኝ፤ የወደቀውን መጋረጃ አንሥታ አራገፈችና እግሩ ላይ ጣል አደረገችለት፤ ከፋዩን ወደ ላይ፣ አቡጀዲውን ወደ ታች። ወይን ጠጁ በፀሐይ ተበልቶ አፈር መስሎ ነበር። እጁ ግን ይህን አያውቅም። አንዴ ሄደበት፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ያን ሁሉ ዘመን አብሮት ሲኖር ፊቱን የነካው ያን ቀን ነው።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለ። «እንዲህ ይለሰልሳል?» ጣቱ በስተቀኝ በኩል ደረሰና ቆመ። «እዚህ ጋ ጠጉሩ ዞሯል። ይሄ ቁራጭ ተገልብጦ ነው የተሰፋው።»

ከእኔ በቀር ማንም እንዲያውቅባት ያልፈለገችው ያ ቁራጭ ነው። «ጨርቅ አጥሮኝ ነው» አለችው።

«ታዲያ ምን አለበት» አለ፤ ያንኑ ቁራጭ ሲዳስስ ቆየ።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ዓይኑ ቀስ በቀስ፣ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ እንደጠፋ ነገረን። አስቀድሞ ቢታይ ኖሮ ማቆም ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ያለፈው አይመለስም አለ። «ቤት ውስጥ አላስተዋላችሁም?» ብሎ ጠየቀ። ሳሎን ወለሉን አየች። ሾፌሩ፣ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ነው ብዬ ነው» አለና ሳቀ፤ በሕይወቱ ቀልዶ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው መስኮት የሚያየውን ሁሉ ይነግረን ነበር። እኛም አዎ፣ አዎ እንለዋለን። ማን ማንን እንደሚያታልል፣ ወይ ማንም ማንንም እያታለለ እንዳልሆነ፣ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ከዚያ ሳሎን ወደ ጎሚስታው ሄደች። አሮጌ ጎማ እንዲሰጣት፣ በሰንሰለትም ምሰሶው ላይ እንዲሰቅልላት ለመነችው። ጎሚስታው ግራ ገባው። «እትዬ፣ ሰሌዳው እኮ መብራት አለው! ጎማ ምን ያደርጋል?» አላት።

«ለእኔ ብለህ» አለችው። እምቢ ማለት ከበደው።

ቀለሙን ራሷ ገዛች፤ ደጇ ላይ ተንበርክካ ራሷ ቀባችው፤ ጎሚስታውም ወስዶ ምሰሶው ላይ ሰቀለላት። ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አያት። ባለ ከፋይዋ አበደች ተባለ፤ ደኸየች፣ መጋረጃዋን ሸጠች የሚልም አልጠፋም። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለው ነገር አልጋ ላይ በጣላት ነበር። አሁን በነጭ ቀለም የተለወሰ እጇን ይዛ በሁሉም መሐል አልፋ ቤቷ ገባች።

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ፣ ባዶው መስኮት ሥር፣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስትጠጋው ፊቱን ቀና አድርጎ አየሩን አሸተተ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረ።

«እመቤት፣ ጎማውን ቀቡት እንዴ?» አላት። «ነጭ ሆኗል።»

ሳሎን ወደ ማዶ አየች። ጎማው በሰንሰለቱ ላይ በቀስታ ይዞራል። «አዎ፣ ነጭ ሆኗል» አለችው። ይህን ጊዜ እውነቷን ነበር።